ባንተይርጉ ለግራፊክስ ካርድ ብሎ ምክር የመለሰ ዕለት

ይህ ነገር የሆነባትን ከተማ ስም አልጽፍም። ብጽፈው የከተማዋ ሰዎች ያነቡታል፤ ካነበቡት «እንዲህ ብለህ ብትጀምረው ይሻል ነበር» ብለው ይመክሩኛል፤ ከመከሩኝ ደግሞ መፈጸም ግዴታዬ ነው። ስለዚህ ስሟ ይቅር። ወንዝ አላት፣ ገበያ አላት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክር አላት። ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

በእኛ ከተማ ምክር አይመለስም። በሌላው አገር የቀረበለትን ማዕድ ሳይቀምስ የሚነሣ እንግዳ እንደሚታማው ሁሉ፣ እኛ ዘንድ የተሰጠውን ምክር ያልተቀበለ ሰው ነውረኛ ነው። መካሪ ይመክራል፤ ተመካሪ ጎንበስ ብሎ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሹን ይፈጽማል። ግማሽ የተባለው ለድሃ ታዝኖ ነው። መፈጸሙን እየዞሩ የሚያዩ ሹም አሉን፤ ምክር ጎብኚ ይባላሉ፤ ሹመቱ የወይዘሮ ዘርትሁን ነው። አጥር እጠር የተባለ ሰው ቤት ሄደው አጥሩን ለክተው ይመለሳሉ። በዚህ ሥርዓት የተነሣ ከተማችን ግማሽ አጥር፣ ግማሽ ድልድይ፣ ግማሽ ጢም የተላጨ ሰው ሞልቶባታል። እንግዳ ሲመጣ ይገረማል። እኛ ለምደነዋል።

ባንተይርጉ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከወንበሬ ሳልነሣ ነው። ሥራው ወረፋ መቆም ነው። በከተማችን ወረፋ የሌለው ነገር ስለሌለ፣ ሰዉም ሌላ ሥራ ስላለው፣ ወረፋ ቆሚ የሚባሉ ባለሙያዎች አሉን፤ ባንተይርጉ ከእነሱ ስሙ የተጠራ ነው። ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ቢሆን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በር ላይ ሲደርስ የላከው ባለጉዳይ መጥቶ ይገባል፣ እሱ ወደ ሌላ ወረፋ ይሄዳል። የከተማውን በር ሁሉ ያውቃል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ግን አያውቅም።

እንዲህ ቆሞ የሚውል ሰው እሑድ ሲሆን ይነዳል። ኮምፒውተር ላይ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም አለው። ሃምሳን የተሻገረ ሰው ጌም ሲጫወት ሰፈሩ ማማቱ አይቀርም፤ እኛም አምተነዋል። ነገር ግን ምክንያቱን ሁላችንም ስለምናውቅ ሐሜታችን ልብ የለውም። ምክንያቱ ወንድሙ ነው።

ስንሻው የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ የሚኖረው ከእኛ በጣም ርቆ ጨው በሚወጣበት ቆላ ነው። አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሲሞቱ መኪናዋን ማን ይንዳ የሚለው ላይ ሁለቱ ተጣሉ። አንዱ ታላቅነቱን ጠቀሰ፣ ሌላው መንጃ ፈቃዱን አሳየ። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ተጣልተው ወጡ። መኪናዋ በቆመችበት ዛገች፣ ዶሮ እንቁላል ጣለችባት፤ ወንድማማቾቹም ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ለቅሶ ላይ ቢገናኙ እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት።

ታዲያ አንድ እሑድ ባንተይርጉ ጌሙን ሲከፍት ልክ የአባታቸውን መኪና ቀለም የተቀባች መኪና ከጎኑ ቆማ አየ። ስሙን ሲያነብ ስንሻው ነው። አንዱ ሞተር አስነሣ፣ ሌላውም አስነሣ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ይነዳሉ። አንዱ ነዳጅ ሲቀዳ ሌላው ይጠብቃል። የአንዱ ጎማ ሲፈነዳ ሌላው ፍሬቻ አብርቶ አጠገቡ ይቆማል። መነጋገሪያ ማይክ አለ፤ አንዳቸውም ነክተውት አያውቁም። የቀራቸው ወንድምነት ጠቅላላው ይኸው ነው፤ እዚያ ጌም ውስጥ ነው ያለው።

የጌሙ ሠሪዎች አሮጌው ጌም ለዘመን መለወጫ እንደሚዘጋና በአዲስ እንደሚተካ ሲያስታውቁ ባንተይርጉ አዲሱን ለሙከራ ከፈተው። ኮምፒውተሩ «ግራፊክስ ካርድዎ ይህን አይችልም» ብሎ መለሰለት። ግራፊክስ ካርድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሥዕሉን የሚሥለው ዕቃ ነው፤ መንገዱን፣ ዛፉን፣ የወንድምን መኪና። የባንተይርጉ ካርድ አርጅቷል፤ አዲሱን ዓለም መሣል አልቻለም። ለስንሻው ደውሎ «ካርዴ አልቻለም፣ ጠልቼህ የቀረሁ እንዳይመስልህ» እንዳይለው አይነጋገሩም። ስንሻው ደግሞ አንድ እሑድ ብቻውን ቆሞ ቢጠብቅና ወንድሙ ባይመጣ የሚያስበውን ያስባል። ነገሩ ይህን ያህል አጭር ነበር፤ ካርድ ከሌለ ወንድም የለም።

ደግነቱ ዕቁብ ደረሰው። ክፋቱም ዕቁብ ደረሰው።

የዕቁብ ብር የሁሉም ላብ ስለሆነ፣ በከተማችን ዕቁብ የበላን ሰው አባላቱ ሁሉ የመምከር መብት አላቸው። ባንተይርጉ ይህን እያወቀ መጀመሪያ ወደ ገበያ ሄዶ ዋጋ መጠየቁ ነው ጥፋቱ፤ ዋጋ ሲጠይቅ የታየ ሰው ምክር ፈላጊ ነው ተብሎ ይታሰባል። ያን ቀን ያየው ካርድ ልኩ ነበር። ብሩም ይበቃው ነበር። እዚያው ከፍሎ ቢወጣ ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

እርግጥ ስሞቹም አደናግረውታል። ካርዶቹ በሙሉ ስማቸው «ነብር» ነው። ነብር ሁለተኛ አለ፣ ነብር ሦስተኛ አለ፣ ነብር ሦስተኛ ጭማሪ አለ፣ ነብር ሦስተኛ ጭማሪ ልዩ አለ፣ ነብር አራተኛ አለ። አራተኛው ከሦስተኛው ይበረታል ብሎ የሚያስብ ሰው የሌላ ከተማ ሰው ነው። የስም አውጪዎች ጉባኤ የሚባል መሥሪያ ቤት አለን፤ ሥራው ዕቃ በስሙ እንዳይታወቅ መጠበቅ ነው። ባንተይርጉ የካርድ ነጋዴውን ጎሹን ሦስተኛ ልዩና አራተኛ ምንና ምን እንደሆኑ ጠየቀው።

«አራተኛው አዲስ ነው» አለ ጎሹ።

«ይበልጣላ?»

«አዲስ ነው አልኩህ እኮ።»

ባንተይርጉ ሊያስብበት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ደጁ ላይ የመጠበቅ ሹም አቶ ጓንጉል ቆመው አገኛቸው። የመጠበቅ ሹም ሥራው ሰው ቸኩሎ እንዳይገዛ ማድረግ ነው። ነብር አምስተኛ እየመጣ መሆኑን፣ አሁን የሚገዛ ሰው ከርሞ ጣቱን እንደሚነክስ፣ ስለዚህ ጠብቅ ብለው መከሩት። እሳቸው ራሳቸው ኮምፒውተር ለመግዛት ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እየጠበቁ ነው፤ ጠረጴዛው ተሠርቷል፣ ወንበሩ ተገዝቷል፣ በየጠዋቱ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ቁርሳቸውን ይበላሉ። ባንተይርጉ «ተቀብያለሁ» አለ። ጠበቀ። ነብር አምስተኛ መጣ፤ ዋጋው የጥንድ በሬ ዋጋ ነበር። አቶ ጓንጉል ዋጋው እስኪወርድ ጠብቅ አሉት። ሊወርድ ሲል ስድስተኛው ሊመጣ ነው ተባለ፤ አሁንማ ካልጠበቅህ ሞኝ ነህ አሉት። ባንተይርጉ ግማሽ ጠብቄአለሁ፣ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል ብሎ ለወይዘሮ ዘርትሁን አመለከተ። መጥተው ፊቱን አዩና የተጠበቀው ከግማሽ እንደሚበልጥ አጸደቁለት።

ከዚያ የጉልበት ለኪው መጣ፤ እሱ የሚመዝነው ኤሌክትሪክ ነው። ነብር የሚባል ነገር ኤሌክትሪክ የሚበላ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው የድሮው ፓወር ሰፕላይህ አይችለውም፣ ግዛ ስትል ደግሞ አሁን ለምትገዛው ሳይሆን የዛሬ ስንት ዓመት ለምትገዛው ካርድ የሚሆነውን ግዛ አለው። ባንተይርጉ ገዛ። ጎሹ ዕቃውን ሲያስረክበው ይህ ወፍጮ ቤት ያንቀሳቅሳል ብሎታል።

ለጥቆ የመጣው የማነቆ መርማሪው ነው። ይህ ሰው በየነገሩ ውስጥ የጠበበውን ቦታ እየፈለገ የሚያዝን ነው፤ ሠርግ ቤት ሄዶ እንኳ የሚያየው በሩን ነው። ካርዱ ፈጣን ሆኖ የኮምፒውተሩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ዘገምተኛ ከሆነ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ቆሞ እንደሚጠብቀው በሐዘን ገለጸለት። ባንተይርጉ «እኔም ቆሜ ነው የምኖረው፣ እሱም ይቁም» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነውር ነው ብሎ ዋጠው። ፕሮሰሰር ገዛ። አዲሱ ፕሮሰሰር ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት አሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አልቀመጥም አለ፤ ማዘርቦርድ ገዛ። አዲሱ ማዘርቦርድ አሮጌውን ራም አልፈልግም አለ፤ ራም ገዛ። ትርንጎ፣ ሚስቱ፣ ይህን ስትሰማ የእሷ አማት እንኳ እንዲህ አላስቸገሩም አለች።

የስክሪን አጋፋሪው ደግሞ በትንሽ ስክሪን ላይ ትልቅ ካርድ ማለት አገር ጠርቶ ጓዳ ውስጥ ማብላት ነው ብሎ መከረ። ባንተይርጉ ከበሩ በጎኑ ካልሆነ የማይገባ ስክሪን ገዛ። ስክሪኑ ገና ግድግዳው ላይ ሳይደገፍ የማነቆ መርማሪው ተመልሶ መጣና ይህን የሚያህል ስክሪን ለመሙላት ያሰብካት ካርድ አቅም እንደሌላት፣ አሁን የግድ ከእሷ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ ነብር እንደሚያስፈልግ እንባ ባቀረረ ዓይን ነገረው። እንግዲህ ብሩ ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ካርድ እየከበረ ሄደ ማለት ነው። ባንተይርጉ «ተቀብያለሁ» አለ። እንዲያ ሲል ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ በግድግዳው ሰማሁት።

የዕቁቡ ዳኛ ሳይመክሩ መቅረት ስለሌለባቸው እሳቸውም መጡ። የእኛ ብር ምን እንደሠራ በዓይናችን እንየው፣ ስለዚህ ጎኑ መስተዋት የሆነ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ኬዝ የሚባል የኮምፒውተር ሳጥን ይገዛ አሉ። ተገዛ። እኔም ጎረቤት ነኝና ዝም ማለት ስለማይቻል አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ አልብሰው አልኩት። ባንተይርጉ አቅሙ ተሟጦ ስለነበር ጨርቁን ገዝቶ ከሁለት ቀደደና ግማሹን አለበሰው፤ ግማሹን ለትርንጎ መወልወያ ሰጣት። አልተቀየምኩም፤ ሕጉ ነው።

ሁሉም ነገር ተገጥሞ ሲያልቅ የዕቁቡ አባላት ለማየት መጡ። መብራቱ በራ። መስተዋቱ ተወለወለ። ሰዉ እየተገፋፋ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ግሩም ነው፣ ሰፊ ነው፣ አየር ይገባል ተባለ። የጉልበት ለኪው ፓወር ሰፕላዩን እያሳየ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። መጨረሻ ላይ ትርንጎ ከኋላ ሆና ካርዱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀች። በመስተዋቱ የሚታየው ካርዱ የሚሰካበት ባዶ ቦታ ነበር፤ መብራቱ ስላረፈበት በጣም ያምር ነበር። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ዋናው ሥራ መጠናቀቁን፣ ካርዱ ከእንግዲህ ዝርዝር ጉዳይ መሆኑን ተናገሩ። ተጨበጨበ።

ብሩ ግን አልቆ ነበር። ዘመን መለወጫም ደርሷል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ትርንጎ ባሏን ፊቱ ቁጭ ብላ ስታናግረው ግድግዳው የሚያስተላልፈው ሁሉ ደረሰኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትገዛ ነበር ከቤት የወጣኸው?»

«ካርድ።»

«ምን ገዛህ?»

«ከካርድ በቀር ያለውን ሁሉ።»

«ታዲያ ስንሻው በመስተዋቱ ይታይሃል?»

ባንተይርጉ በማግስቱ ወደ ጎሹ ሄደ። የሰውየው ትዕግሥት ወረፋ ላይ ያደገ ትዕግሥት ነው፤ እሱ ሲያልቅበት ያላየ ሰው ያልቃል ብሎ አያምንም ነበር። ጎሹን ከዚህ ሱቅ ውስጥ አዲሱን ጌም በትንሹ አሮጌ ስክሪኔ ላይ፣ በአሮጌው ፕሮሰሰሬ፣ እየተንገዳገደም ቢሆን የሚያሄድ ርካሽ ካርድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጎሹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ ስለማያውቅ መጀመሪያ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አቧራ የጠጣ ነብር ሁለተኛ አወጣ። አንድ ሰሞን በከተማችን ቁጥር በካርድ እያስፈጨ የኢንተርኔት ገንዘብ አውጥቼ እከብራለሁ የሚል ሰው በዝቶ ነበር፤ ይህም ካርድ ቀን ከሌት ቁጥር ሲፈጭ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ባንተይርጉ በቃል ብቻ አልተቀበለም፤ ሰክተህ ጌሙን አስነሣልኝና ፊቴ ይሥራ አለ። ካርዱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ እሱም ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱ ቆሞ አየው። መቆም ሙያው ነው። የካርዱ ማቀዝቀዣ ፋን እንደ ሞተር ሳይክል ይጮሃል፣ ሥዕሉ አልፎ አልፎ ይደናቀፋል፤ ግን አልጠፋም፣ አልጋለም።

«ይህን እወስዳለሁ» አለ። «የገዛሁትን ሁሉ መልሰህ ውሰድልኝና ከዚያ ላይ ዋጋህን ያዝ።»

ጎሹ ዕቃውን መልሶ ለመውሰድ አልከፋውም፤ ነገር ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሕጉን አስታወሰው። በምክር የተገዛ ዕቃ ምክሩ ሳይመለስ አይመለስም። ምክር ደግሞ የሚመለሰው በመካሪው ደጅ ላይ፣ በአካል ተገኝቶ፣ ዕቃውን ይዞ ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ሰላምታ ይነፈጋል፤ ማንም እግዜር ይስጥልኝ አይለውም፣ ማንም እንደምን አደርክ አይለውም። እስከዚያን ቀን ያደረገው ሰው ስላልነበረ ሕጉ ይሠራ አይሠራ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ባንተይርጉ የእጅ ጋሪ ተውሶ ዕቃውን ጫነ። ከአልጋው ሥር አሮጌዎቹን አወጣና ትርንጎ አቧራቸውን እንድትጠርግ ሰጣት። ከዚያ ከሰፈሩ ራስ ጀመረ።

የጉልበት ለኪው በሩን ዘግቶ በመስኮት አነጋገረው፤ በመጨረሻም የመለስከው ምክር ለልጅ ልጅህ ይትረፍ ብሎ መጋረጃውን ሳበ። የማነቆ መርማሪው ገና ጋሪው በጠባቧ በር አልገባ ሲል አይቶ ማልቀስ ጀመረ፤ ምክሩን በእንባ ነው የተረከበው። አጋፋሪው ስክሪኑን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ እንዲህ ያለውን ስክሪን የሚመልስ ሰው ፀሐይንም ይመልሳል አለ። ዳኛው መስተዋት ኬዙ ላይ እጃቸውን ጭነው ብሩ የዕቁቡ መሆኑን፣ ስለዚህ የሚመለሰው ምክር የግለሰብ ምክር ሳይሆን የማኅበር ምክር መሆኑን፣ ይህም እስካሁን ስም ያልወጣለት ነውር መሆኑን አስረዱ። አቶ ጓንጉል ጋ ሲደርስ ችግር ተፈጠረ፤ የተመከረው መጠበቅ ስለሆነ የሚመለስ ዕቃ የለም። ባንተይርጉ የጠበቅሁትን ጊዜ መልሱልኝና የእርስዎን ምክር ልመልስ አላቸው። ቆይ ላስብበት አሉት። እስካሁን እያሰቡበት ነው።

የእኔም ደጅ ተንኳኳ። ግማሿን ጨርቅ አጣጥፎ ይዟል።

«ያንተንም መልሻለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ታጥቧል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ታጥቧል አለኝ። ተቀበልኩት። ምን እላለሁ።

የመጨረሻው የወይዘሮ ዘርትሁን ደጅ ነው፤ ሁሉም ምክር መመለሱን የሚያጸድቁት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ከኋላው ተከትሎ ደጃቸው ላይ ቆመ። አሮጊቷ ከበርጩማቸው ሳይነሡ ብዙ አዩት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ባንተይርጉን ሕፃን ሆኖ ያውቁታል።

«ልጄ» አሉት፣ «ለአንዲት ዕቃ ብለህ የሰውን ሁሉ ምክር መለስክ። ነገ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?»

ባንተይርጉ ዕቃ የጫነውን ጋሪ እንደያዘ ቆመ። «እማማ፣ ቀባሪ አላጣም፤ ሬሳ ቤት አያሳድሩም፣ ሸትቼም ቢሆን ትቀብሩኛላችሁ። ወንድሜ ግን እሑድ መጥቶ ካጣኝ ዳግም አይመጣም። የሞትኩ ለታ ለቅሶዬ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና በእጃቸው ሂድ አሉት። ሂድ ማለታቸው ጸድቋል ማለት ይሁን ጠፍተሃል ማለት ሰዉ ገና አልተስማማም። ጎሹ ግን ነጋዴ ነውና ጸድቋል ብሎ ወሰደው፤ የጋሪውን ዕቃ ተረክቦ ካርዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው።

ሰላምታ መንፈጉ ከዚያው ቀን ጀመረ፣ እኔም የከተማው ሰው ነኝና ነፈግሁት። ሰላም ማለት ስለተከለከለ ባንተይርጉ ሲያልፍ ሳል እሳላለሁ። እሱም መልሶ ይስላል። ቀስ በቀስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ እኔ መሳል ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት መንገዳችንን የሚያይ ጉንፋን የገባ ይመስለዋል። ዳኛው ይህንን ሰምተው ሳልን የሚከለክል ምክር እያዘጋጁ ነው ይባላል።

የዘመን መለወጫ እሑድ ደረሰ። ነብር ሁለተኛው አሮጌው ኬዝ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ አልዘጋ ስላለ በሲባጎ ታስሯል። ባንተይርጉ ምሳውን ሳይበላ አስነሣው። ፋኑ ሲጮህ እኔ ቤት ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ዝቅ አለ። ጌሙ ተከፈተ። አዲሱ ዓለም ገባለት፤ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ሰማይ፣ የጭነት መኪኖች የሚወጡበት ትልቅ በር። የስንሻው መኪና ግን የለችም። ትርንጎ ወጡን አቅርባ ከኋላው ቆማለች። እሱ ወረፋ ላይ እንደለመደው ንቅንቅ ሳይል ጠበቀ። የሰው መኪና መጣ፣ የሰው መኪና ሄደ። ትርንጎ ወጡን መልሳ ወሰደችው።

ከዚያ ያቺ ቀለም ከመንገዱ ጠርዝ ብቅ አለች።

ባንተይርጉ ሊጠጋት ሲነሣ ሥዕሉ ተደናቀፈ። መንገዱ እንደ ፎቶግራፍ ቆመ፣ ከዚያ ዘለለ፤ መኪናው ሄዶ የበሩን ምሰሶ ገጨ። ወደ ኋላ ተመለሰና እንደገና ገጨ። የስንሻው መኪና ቆማ ታየዋለች። ባንተይርጉ ላብ አጠመቀው፤ ካርድ ተገኝቶ፣ ከተማ ተቀይሞ፣ ወንድሙ ፊት እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ማየት የማይቻል ነገር ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ምሰሶው ላይ ሲወጣ ከኮምፒውተሩ ድምፅ ወጣ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እኔም ሰማሁት። ጨው የበላው የሚመስል ሻካራ ድምፅ ነው።

«ጥላውን ቀንሰው» አለ።

ትርንጎ አፏን ያዘች። ባንተይርጉ ማይኩ የት እንደሚከፈት ስለማያውቅ መጀመሪያ ለግድግዳው ነው የመለሰው፤ ኋላ አገኘውና «የምኑን ጥላ?» አለ።

«ማስተካከያው ውስጥ ግባ። ጥላ የሚል አለ። የዛፉን፣ የመኪናውን፣ የምሰሶውን ጥላ ሲሥል ነው ካርድህ የሚደክመው። ጥላ ምን ያደርግልሃል፣ አጥፋው።»

«እሺ» አለ ባንተይርጉ።

አጠፋው። ዛፎቹ ጥላ አልባ ሆኑ፣ መኪኖቹ መሬት ያልነኩ መሰሉ፤ መንገዱ ግን ተፈታ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ዞረ፣ መጥቶ ከወንድሙ ጎን ቆመ። ሁለቱ መኪኖች በትልቁ በር ፊት እኩል ሆኑ። በሩ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው።

«ሄደልህ?» አለ ስንሻው።

«ሄደልኝ።»

«እንግዲያው ቅደም።»

«አንተ ቅደም» አለ ባንተይርጉ።

«ታላቅ እያለ?»

«መንጃ ፈቃድ ያለህ አንተ ነህ።»

«ኧረ በሞቴ ቅደም።»

«እኔ ልሙት አላደርገውም።»

ከኋላቸው የማያውቋቸው ሾፌሮች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ትርንጎ ወጡን ሁለተኛ አሙቃ መጥታ አንዳችሁ ግቡ እያለች ትቆጣለች። እኔም መናገር ስለማይፈቀድልኝ በግድግዳው እየሳልኩ እነግራቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም በሩ ላይ ናቸው።